ቡችላው መቼ ከቤት ይውጣ? የክትባትና የማላመድ ሁለቱ ሰዓቶች

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ አክስቴ ከመንዝ ጌራ ደወሉልኝ። የስድስት ሳምንት ወንድ ቡችላ አግኝተዋል፤ ለበጎቻቸው ጠባቂ ሊያደርጉት ነው። «አንተ የተማርክ አይደለህ? በሠፈሩ ቡችላው ሁሉ ደም እያስቀመጠው እየሞተ ነው፤ ምን ላድርገው?» አሉኝ። የተማርኩት ምህንድስና እንጂ የእንስሳት ሕክምና አይደለም። ቢሆንም ግማሽ ሰዓት ያህል ኢንተርኔት ላይ አነበብኩና እንደ አዋቂ መለስኩ፦ «ክትባቱን እስኪጨርስ ከግቢ አይውጣ፤ ሰውም ሌላ ውሻም አይጠጋው።»

አክስቴ ምክሬን አከበሩ። መቻል (የውሻው ስም ነው) ከቤቱ ጀርባ ታስሮ አደገ። ክረምቱ ገባ፣ መንገዱ ጨቀየ፣ ክትባት የሚሰጠው ባለሙያም በታሰበው ጊዜ አልደረሰም። እስራቱ ከሳምንት ወደ ወር፣ ከወር ወደ ስድስት ወር ተራዘመ። ታኅሣሥ ላይ እሳት ልትጭር የመጣች የስምንት ዓመት የጎረቤት ልጅ በአጠገቡ ስታልፍ እጇን ነከሳት። ውሻው ስላልተከተበ ልጅቷ ወዲያው የሰው ክትባት ጀመረች። ውሻው ለ10 ቀን ሲጠበቅ ሁለት ቤተሰብ እንቅልፍ አጣ። ደግነቱ አላበደም፤ ልጅቷም ደህና ናት።

የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። አንዱን አደጋ ዜሮ ላድርግ ስል ሌላውን ጭራሽ አልቆጠርኩትም። በእኛ ሙያ እንዲህ ያለ ስሌት የሠራ ተማሪ ፈተና ይወድቃል። ከዚያ ወዲህ በጉዳዩ ላይ የተጻፉ ጥናቶችን ማንበብና የእንስሳት ሐኪሞችን መጠየቅ ጀመርኩ። ይህን የምጽፍላችሁም ለቤታችሁ ወይም ለበጎቻችሁ ቡችላ ስታሳድጉ የኔን ስህተት እንዳትደግሙት ነው።

ጥያቄው ሲታይ ቀላል ይመስላል፦ ቡችላው ክትባቱን እስኪጨርስ ይዘጋበት ወይስ ይውጣ? መልሱ ከባድ የሚሆነው በቡችላው ውስጥ ሁለት ሰዓቶች አብረው ስለሚቆጥሩ ነው። አንዱ የአእምሮው ሰዓት ነው፤ ሁለተኛው የደሙ።

የአእምሮው ሰዓት

ቡችላ ሲወለድ ዓይኑም ጆሮውም ዝግ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ማየትና መስማት ሲጀምር አእምሮው አንድ ልዩ ወቅት ውስጥ ይገባል። በዚህ ወቅት በሰላም ያየውን፣ ያሸተተውንና የነካውን ነገር ሁሉ «ይህ የኔ ዓለም ነው» ብሎ ይመዘግባል። ወቅቱ ካለፈ በኋላ የሚያየውን አዲስ ነገር ግን መጀመሪያ በፍርሃት ነው የሚቀበለው።

ወቅቱ መቼ እንደሚዘጋ ያሳየው አንድ የታወቀ ሙከራ በ1961 (እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ታትሟል። አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ቡችሎችን ከእናታቸው ጋር በታጠረ ሜዳ ውስጥ፣ ሰው ሳይጠጋቸው አሳደጉ። ከዚያም አንዳንዶቹን በሁለተኛው፣ ሌሎቹን በሦስተኛው፣ በአምስተኛው፣ በሰባተኛውና በዘጠነኛው ሳምንት እያወጡ ለአንድ ሳምንት ያህል ከሰው ጋር አላመዷቸው። እስከ 14ኛው ሳምንት ሰው ሳይነካቸው የቆዩት ቡችሎች በኋላ ብዙ ቢለፋባቸውም እንደ ዱር እንስሳ ሰው ሸሽተው ቀሩ። ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉት ተመራማሪዎችም በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህ ወቅት ከ3 እስከ 12 ሳምንት ገደማ እንደሆነ አስቀመጡ። ከዚያ ወዲህ የመጡ ጥናቶች ድንበሩን በሳምንት በሁለት ሳምንት ወዲያና ወዲህ ቢያደርጉትም መሠረቱ አልተናወጠም።

ይህ የከተማ ሰው የቅንጦት ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። ሬይመንድና ሎርና ኮፒንገር የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምረው የበግ ጠባቂ ውሾችን ሲያጠኑ ያገኙት ተመሳሳይ ነገር ነው። ጥሩ ጠባቂ ውሻ የሚሆነው በዚያ የልጅነት ወቅት ከበጎች ጋር የኖረ ቡችላ ነው። በጎቹን እንደ ቤተሰቡ ስለሚያይ አብሯቸው ይውላል፣ አብሯቸው ያድራል። ያን ወቅት ያለ በግ ያሳለፈ ውሻ ግን ወይ በጎቹን ያሳድዳል፣ ወይ ትቷቸው ሲዞር ይውላል። መንዝ ላይ ውሻ የሚያዘው በአብዛኛው በጉን ከቀበሮና ከጅብ እንዲጠብቅ ከሆነ፣ ይህ ወቅት ለባለቤቱ ጥቅም ማለት ነው።

የደሙ ሰዓት

አሁን ወደ ሁለተኛው ሰዓት እንምጣ። ቡችላ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የእናቱን እንገር ሲጠባ የእናቱን ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም አንቲቦዲ፣ አብሮ ይወስዳል። እናቱ ተከትባ ከሆነ ወይም በሽታ ይዟት ድና ከሆነ ያ አንቲቦዲ ቡችላውን ለጥቂት ሳምንታት ይጠብቀዋል። ግን ስንቅ ነው፤ ያልቃል። በየ10 ቀኑ ገደማ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ያው ከእናት የመጣ አንቲቦዲ ክትባቱንም እንደ ጠላት ቆጥሮ ያከሽፈዋል። እና ሁለት መስመሮች አሉ ማለት ነው። አንቲቦዲው ከላይኛው መስመር በታች ሲወርድ በሽታው መግባት ይችላል፤ ክትባቱ የሚሠራው ግን ከታችኛው መስመር በታች ሲወርድ ነው። በሁለቱ መሀል ያሉት ሳምንታት በሽታው የሚገባበት፣ ክትባቱ ግን ገና የማይዝበት ክፍተት ናቸው።

እስቲ በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ ናቸው። የላይኛው መስመር 25፣ የታችኛው 6 ገደማ ይሁን። በ100 የጀመረ ቡችላ በ20ኛው ቀን 25 ላይ ይደርሳል፤ በ40ኛው ቀን 6 ላይ። ክፍተቱ ከ20ኛው እስከ 40ኛው ቀን ነው። ወንድሙ ደግሞ በደንብ ጠብቶ በ400 ጀመረ እንበል። እሱ 25 ላይ የሚደርሰው በ40ኛው ቀን፣ 6 ላይ የሚደርሰው በ60ኛው ቀን ነው። ሁለቱንም በ45ኛው ቀን ብትከትቧቸው የመጀመሪያው ይይዝለታል፤ ሁለተኛው ግን ክትባቱ ይከሽፍበታል፣ ለበሽታውም ክፍት ነው። በደንብ የጠባው ቡችላ ተከትቦ ሲሞት ያየ ሰው «ክትባት ውሸት ነው» ቢል አይፈረድበትም። ግን ክትባቱ አልዋሸም፤ ጊዜው አልደረሰም ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በ66ኛው ቀን፣ ቢደገም ኖሮ ይይዝለት ነበር።

የአንድ እናት ልጆች እንኳ እንዲህ ስለሚለያዩና የእያንዳንዱን ደም መለካት ስለማይቻል ነው የዓለም አነስተኛ እንስሳት ሐኪሞች ማኅበር ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ተጀምሮ፣ በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ እየተደገመ፣ እስከ 16 ሳምንትና ከዚያ በላይ እንዲቀጥል የሚመክረው። ይህ የሚመለከተው በተለይ ሁለት በሽታዎችን ነው። አንዱ ፓርቮ ነው፤ ያ «ደም ያስቀምጠዋል» የሚባለው። ካልታከመ ከያዛቸው ቡችሎች አብዛኞቹን ይገድላል። ሁለተኛው ዲስቴምፐር ነው፤ በዓይንና በአፍንጫ ፈሳሽ ይጀምርና ወደ ሳንባና ወደ አንጎል ይሄዳል።

ሁለቱን ሰዓቶች ስናስተያያቸው

የአእምሮው ሰዓት የሚዘጋው በ12ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ነው። የደሙ ሰዓት «አሁን ደህና ነው» የሚለው በ16ኛው ሳምንት ወይም ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ «ክትባቱን እስኪጨርስ ይዘጋበት» የሚለው ምክር ክትባቱ በሰዓቱ ቢገኝ እንኳ ሁልጊዜ ይዘገያል። ክትባቱ ያልቃል፤ የመላመጃው በር ግን ከዚያ በፊት ተዘግቷል። እኔ ለአክስቴ የሰጠሁት ይህንኑ ምክር ነበር።

የአሜሪካ የእንስሳት ባሕርይ ሐኪሞች ማኅበር በ2008 ባወጣው የአቋም መግለጫ ይህን ነጥብ በግልጽ አስቀምጧል፦ ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ውሾች ከተላላፊ በሽታ ይልቅ ትልቁ የሞት ምክንያት የባሕርይ ችግር ነው። ውሻው ይናከሳል፣ ባለቤቱ ይሰለቸዋል፣ ከዚያ ይጣላል ወይም ይገደላል። ስለዚህ ቡችሎች ከ7 እስከ 8 ሳምንት ሲሆናቸው፣ የመጀመሪያውን ክትባት ከወሰዱ ቢያንስ ከ7 ቀን በኋላ ማላመድ እንዲጀመር ይመክራል። በ2013 የታተመ አንድ ጥናትም በአራት የአሜሪካ ከተሞች ከሺህ በላይ ቡችሎችን አይቶ፣ ቢያንስ አንዴ ተከትበው የማላመጃ ትምህርት የገቡት ካልገቡት የበለጠ በፓርቮ እንዳልተያዙ አሳይቷል።

እዚህ ላይ ግን ቆም እንበል። እዚያ ጥናት ውስጥ ትምህርት የገቡት ቡችሎች ቁጥር ትንሽ ነበር። ከዚያም በላይ፣ የተገናኙት የታጠበ ወለል ላይ፣ ከተከተቡ ቡችሎች ጋር ብቻ ነው። የመሐል ሜዳ ወይም የዓለም ከተማ ገበያ እንዲያ አይደለም። ባለቤቱ የማይታወቅ ውሻ አለ፣ ክትባት እንደልብ አይገኝም። ስለዚህ የእነሱን መልስ እንዳለ ገልብጠን መውሰድ አንችልም። መውሰድ የምንችለው ሐሳቡን ነው፦ አደጋውን ከጥቅሙ ለይቶ ማውጣት።

«መውጣት» አንድ ነገር አይደለም

እኔ አክስቴን ስመክር «መውጣት» የሚለውን ቃል እንደ አንድ ቁልፍ ነው ያየሁት፤ ወይ ይበራል፣ ወይ ይጠፋል። በእርግጥ ግን ብዙ ቁልፎች ናቸው። ፓርቮና ዲስቴምፐር ከበግ አይመጡም። ከሰው ድምፅ አይመጡም። ከከበሮ፣ ከጃንጥላ፣ ከመኪና ጡሩምባ አይመጡም። የሚመጡት ከሌላ ውሻ፣ ከውሻ ዓይነ ምድርና ከተበከለ አፈር ነው። አክስቴ መቻልን ከማያውቀው ውሻ መከልከላቸው ትክክል ነበር። ከበጎቹ፣ ከልጆቹና ከእንግዳው መከልከል ግን አላስፈለገም፤ እሱን ያስከለከልኳቸው እኔ ነኝ።

እንግዲህ በደጋው ቤት አኗኗር ይህ እንዴት ይሠራል?

ከ3 እስከ 8 ሳምንት ቡችላው ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ይቆይ። ንክሻውን መመጠን የሚማረው ከነሱ ጋር ሲጫወት ነው፤ አጥብቆ ሲነክስ ወንድሙ ይጮህና ጨዋታው ይቆማል። በዚህ ጊዜ የቤቱ ሰዎች በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ያንሱት፣ ይዳብሱት። ልጆች መሬት ላይ ተቀምጠው ይያዙት፣ ከዚያ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ከሌላ ሠፈር የመጣ ሰው ቡችላውን ከመንካቱ በፊት እጁን ይታጠብ፤ ጫማውንም ከደጅ ያውልቅ። ፓርቮ በጫማ ሥር ይጓዛልና።

ከ8 ሳምንት ጀምሮ ለጠባቂነት የታሰበ ከሆነ ጉረኖው አጠገብ ይኑር። መጀመሪያ በአጥር በኩል ይተያዩ፤ ከዚያ ከረጋ በግ ጋር ሰው ባለበት ይገናኝ። ትልልቅ አውራ በጎች ሊወጉት ስለሚችሉ ብቻውን አይተውላቸው። ግልገል ማሳደድ ከጀመረ ወዲያው ይለይ፤ ጨዋታ ነው ተብሎ የታለፈ ነገር ኋላ ልማድ ይሆናል።

ገበያና መንገድ ደግሞ እግሩ መሬት ሳይነካ ይይ። በጋቢ ጠቅልላችሁ ወይም በቅርጫት ይዛችሁ ከገበያው ዳር ሩብ ሰዓት ያህል ተቀመጡ። አህያ ሲያልፍ፣ መኪና ሲያጓራ፣ ሰው ሲጣራ ይስማ። ገሳ የለበሰ እረኛ፣ ባና የደረበ ሽማግሌ፣ ዱላ የያዘ ሰው፣ ቀሚስ የለበሰች ሴት፣ የሚሮጥ ልጅ ይይ። ለውሻ እነዚህ ሁሉ የተለያዩ ፍጥረታት ናቸው። ከፈራና ከተንቀጠቀጠ ራቅ በሉና ትንሽ ቂጣ ስጡት። በግድ ወደሚፈራው ነገር መግፋት ማላመድ አይባልም፤ ፍርሃትን ማስተማር ነው።

ሌላ ውሻ ጨርሶ አያግኝ ማለትም አይደለም። የጎረቤት ትልቅ ውሻ የተከተበ፣ ጤነኛና ረጋ ያለ መሆኑን ካወቃችሁ አንድ እንደዚህ ያለ ጓደኛ ይበቃዋል።

መራቅ ያለባችሁስ? ባለቤቱ ከማይታወቅ ውሻ፣ እርድ ከሚጣልበት ቦታ፣ የሞተ እንስሳ ካለበት፣ ውሾች ከሚሰበሰቡበት የቆሻሻ ክምር። ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ቡችላ ደም አስቀምጦት የሞተበት ግቢም አንዱ ነው። የፓርቮ ቫይረስ ጥላ ባለበትና እርጥብ በሆነ አፈር ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም እስከ ዓመት ይቆያል። በረኪና በሲሚንቶ ወለል ላይ ይገድለዋል፤ ግን ወለሉ አስቀድሞ በደንብ መታጠብ አለበት። በጭቃና በእበት በተለቀለቀ ወለል ላይ ግን በረኪናው ኃይሉን እበቱ ላይ ጨርሶ ቫይረሱ ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ እንዲህ ባለ ቤት ቡችላ ከሞተባችሁ አዲሱን ከተቻለ ሌላ ቦታ አሳድጉት፤ ካልተቻለ ክትባቱ እስኪይዝለት መጠበቅ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ለብቻው የሚታይ ነው

እስካሁን ያወራነው ቡችላውን ስለሚገድሉ በሽታዎች ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ግን ሰውንም ይገድላል። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚሞትበት ይገምታል፤ ኢትዮጵያም በጣም ከሚጠቁት አገሮች አንዷ ናት። በሰው ላይ ከሚደርሰው እስከ 99 በመቶው ከውሻ ነው የሚመጣው፤ ከሚነከሱት ውስጥ 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው።

በየቀበሌው የዘመቻ ክትባት ሲመጣ ብዙ ሰው ትልቁን ውሻ ይዞ ይወጣና ቡችላውን ቤት ይተዋል። «ገና ነው፣ ትንሽ ነው» ይባላል። ይህ ልማድ ከክትባቱ መመሪያ የመጣ ነው፤ ብዙ የክትባት ብልቃጦች ላይ «ከ3 ወር ጀምሮ» ተብሎ ይጻፋል። ነገር ግን በአፍሪካና በእስያ የተደረጉ ጥናቶች ከሦስት ወር በታች ያሉ ቡችሎችም ለእብድ ውሻ ክትባት ጥሩ ምላሽ እንደሚሰጡ አሳይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በዘመቻ ጊዜ ዕድሜ ሳይለይ ውሻ ሁሉ እንዲከተብ ይመክራል። ከሦስት ወር በፊት የተከተበ ቡችላ ሦስት ወር ከሞላው በኋላ መደገም አለበት፤ ግን «በሚቀጥለው ዘመቻ» ብሎ ዓመት ከመጠበቅ ዛሬ መከተብ ይሻላል።

ቡችሎች ለምን ይህን ያህል ይቆጠራሉ? ውኃ የሚያፈስ በርሜል አስቡ። በአንድ ቀበሌ 100 ውሾች አሉ፤ ዘመቻው 70ውን ከተበ እንበል። በዓመቱ ውስጥ 40 ውሾች በተለያየ ምክንያት ቢሞቱና በ40 አዲስ ቡችሎች ቢተኩ፣ ከተከተቡት ውስጥ 28ቱ ሄደዋል ማለት ነው። የቀሩት 42 ናቸው። ጥናቶች እንደሚያሳዩት አንድ ያበደ ውሻ በአማካይ ከሁለት ያነሱ ውሾችን ነው የሚያስይዘው። ለጥንቃቄ ሁለት ብንል፣ በሽታው እንዳይዛመት ቢያንስ ግማሾቹ የተከተቡ መሆን አለባቸው። 42 ደግሞ ከ50 በታች ነው። የሞቱት የተከተቡ ውሾች ባልተከተቡ ቡችሎች በመተካታቸው ብቻ፣ ቀበሌው ተመልሶ ተጋለጠ። 70 በመቶ የሚለው ዓለም አቀፍ ግብ የተቀመጠውም ይህን መፍሰስ ታሳቢ አድርጎ ነው። የዛሬ ቡችላ የከርሞ ውሻ ነው።

አሁን ወደ መቻል ልመለስና ያልነገርኳችሁን ልንገራችሁ። ልጅቷ ከተነከሰች ከወር በኋላ፣ ጥር ላይ፣ የክትባት ባለሙያው በመጨረሻ መጣ። ሁለት ጎልማሶች መቻልን ሊይዙት ሞከሩ፤ አልተቻለም። ሰው ነክቶት የማያውቅ ውሻ እንዴት ይያዛል? ገመዱን በጥሶ ወጣና ማታ ተመለሰ፤ ባለሙያው ግን ወደ ሌላ ቀበሌ ሄዷል። ከበሽታ ልጠብቀው ብዬ ከሰው ለየሁት፤ ከሰው ስለለየሁት መርፌው ሳይደርሰው ቀረ።

ይህ የመቻል ብቻ ዕጣ አይደለም። በዘመቻ ክትባት ላይ ከሚያጋጥሙ ትልልቅ እንቅፋቶች አንዱ ባለቤቱ ሊይዘው የማይችለው ውሻ ነው። እኔ ማላመድንና ክትባትን በሚዛን ሁለት ወገን ያሉ ነገሮች አድርጌ ነበር የማያቸው፤ አንዱን ስትጨምር ሌላውን የምትቀንስ ይመስል። ያልተላመደ ውሻ ግን አይከተብም። ማላመድ የክትባቱ የመጀመሪያ ደረጃ ነው።

ጓሳ ላይ ያሉት ጎረቤቶች

መንዝ ላይ ይህ ጉዳይ ከሰውና ከበግ አልፎ ይሄዳል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኘው፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው የጓሳ ማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው። የአካባቢው ሰው በቄሮ ሥርዓት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲጠብቀው የኖረ ሣር ነው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ ያለ፣ አዋቂዎቹ ከ500 የማይበልጡ እንስሳ ነው።

የቀይ ቀበሮ ትልቁ ጠላት ደግሞ ውሻ የሚያመጣበት በሽታ ነው። ባሌ ተራሮች ላይ በ1991 እና በ1992፣ ቀጥሎም በ2003 እና በ2004 የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ በተጠቁት ሥፍራዎች ተመራማሪዎች ከሚያውቋቸው ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨረሰ። በ2006 እና በ2010 ደግሞ ዲስቴምፐር ገባ። ቀይ ቀበሮዎች በመንጋ ስለሚኖሩና ጠዋት ማታ እየተሻሹ ሰላምታ ስለሚለዋወጡ አንዱን የያዘ በሽታ ሁሉንም ይይዛል። በ1995 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም በቀበሮዎቹ አካባቢ ያሉ ውሾችን ሲከትብ የኖረው ለዚህ ነው።

እዚህም ላይ ሁለቱ ሰዓቶች ይገናኛሉ። በልጅነቱ ከበግ ጋር የተላመደ ውሻ ከመንጋው አይርቅም። ከበግ ጋር ያልተላመደው ነው ጓሳው ውስጥ አይጥ ፍለጋ የሚዞረው፣ ከቀበሮው ጋር የሚገናኘው። እንግዲህ በስምንተኛው ሳምንት ጉረኖ ዳር ያሳለፈው ጊዜ ለቀይ ቀበሮውም ይተርፋል።

ቢነክስስ?

ሁሉንም አድርጋችሁ ቡችላ ሊነክስ ይችላል። «ቡችላ ነው፣ ጥርሱ ምን አላት» አትበሉ። ያበደ ቡችላም አለ። ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡት። በሰዓት ቁጠሩት፤ 15 ደቂቃ ከምታስቡት በላይ ረጅም ነው። ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ውሻውን አትግደሉት፤ ለ10 ቀን አስራችሁ ጠብቁት። በነከሰበት ጊዜ ምራቁ ውስጥ ቫይረስ የነበረ ውሻ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ይታመማል ወይም ይሞታል፤ በ10ኛው ቀን ጤነኛ ከሆነ ግን ንክሻው በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ክትባቱን ለመጀመር ግን ይህን አትጠብቁ፤ ባለሙያው ይወስን። ጠበል መሄድ የሚሻ ይሂድ፤ ክትባቱ ግን ይቅደም። በሽታው በሰውነት ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ተደብቆ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ሰውየው ጤነኛ ይመስላል፤ ክትባቱ የሚያድነውም በዚህ ጊዜ ውስጥ ብቻ ነው።

ለመጨረሻ አንድ ቀላል ልምምድ ልስጣችሁ። ቡችላችሁን ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ ለአንድ ደቂቃ ባለሙያው በሚይዘው አያያዝ ያዙት። አንድ እጅ ደረቱ ላይ፣ አንድ እጅ ከጭኑ ኋላ። የትከሻውን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጉ፣ ከዚያ ቂጣ ስጡትና ልቀቁት። ክትባቱ የሚመጣበትን ቀን ከቀበሌያችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቃችሁ ጻፉት።

ዘንድሮ አክስቴ ሌላ ቡችላ አምጥተዋል፤ ዘጠኝ ሳምንቷ ነው። ባለፈው እሑድ ስደውል ስልኩን ያነሱት ጉረኖው ዳር ሆነው ነበር፤ ቡችላዋ በጋቢያቸው ውስጥ ነበረች። «አሁንስ ምን ትላለህ?» አሉኝ። ካሁን በኋላ ልመክራቸው ብዙም አልደፍርም። የክትባቱን ቀን ብቻ ጠየቅኳቸው። ያውቁታል፤ ጽፈውታል።